ኪስ የሚገባ ሽጉጥ አመራረጥ፦ ጅማ ላይ ፈቃድ አውጥቶ ለሚገዛ ሰው

ትንሽ ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል? የትኛው ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፣ ግን ቦታውን ስቷል። ኪስህ ውስጥ የሚውል ሽጉጥ፣ ፈጣሪ ካለ፣ ዕድሜ ልክህን ሰው ላይ አይተኮስም። ከአንተ ጋር ባጃጅ ይሳፈራል፣ ሄርማታ መርካቶን ይዞራል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ማታ ልጆች ካሉበት ቤት ገብቶ ያድራል። ስለዚህ የሚመረጠው ለዚያች አንድ ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሁሉ ቀን ነው። ሳይፈለግ የማይባርቅ፣ በቀላሉ የማይዝግ፣ ወረቀቱ የተሟላ፣ እጅህ በደንብ የሚያዘው ከሆነ ጥሩ ሽጉጥ ነው። ጉልበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ብረቱን ከማየትህ በፊት ፈቃዱን ጨርስ። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአገራችን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ከአባትህ የወረስከው፣ ቤት ውስጥ ለዘመናት የተቀመጠ ቢሆንም ያው ነው። «ርካሽ አለ፣ ወረቀቱ በኋላ ይስተካከላል» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ሻይህን ጨርሰህ ተነስ። በኋላ አይስተካከልም።

ፖሊስ ዘንድ ስትሄድ ፎርም ሞልተህ ብቻ አትመለስ። ጠይቅ። ፈቃዱ ቤት ለማስቀመጥ ነው ወይስ ይዞ ለመንቀሳቀስም ይሆናል? ከከተማ ስወጣስ? ልብስ ሥር አድርጌ መያዝ ይፈቀድልኛል? ስንት ጥይት? እድሳቱ መቼ ነው? መልሱን ጻፈው። ብዙ ሰው ፈቃድ ስላለው ብቻ የትም ይዞ መግባት የሚችል ይመስለዋል። ይሄ ከባድ ስህተት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ልበል። ሽጉጥ ያሰብከው የቡና ገንዘብ ይዘህ ስለምትመላለስ ከሆነ መጀመሪያ ገንዘቡን ከኪስህ አውጣው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ቡና የምትገዛ ከሆነ በባንክ ወይም በቴሌብር መላክ ይቻላል። ከብር ጋር የሚዞር ሰው በሽጉጥ ከሚጠበቅ ብሩ ባይኖር ይሻላል። ይህንን አስተካክለህም አሁንም ያስፈልገኛል ካልክ እንቀጥል።

ኪስህን ለካ

ወደ ሻጭ ከመሄድህ በፊት የት እንደምትይዘው ወስን። የሱሪ የፊት ኪስ ነው? የጃኬት የውስጥ ኪስ? ወገብ ላይ? ሰው ይሄንን ሳያስብ ይገዛና ሽጉጡ በሁለተኛው ሳምንት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ማካሮቭን እንውሰድ። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፣ ስምንት ጥይት ሲገባበት ከ800 ግራም ያልፋል። ይሄ በወታደር ሽጉጥ ሚዛን ትንሽ ነው። ለኪስ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ቡና በፌስታል ቋጥረህ የጃኬትህ ኪስ ውስጥ ክተትና አንድ ቀን ዋልበት። ባጃጅ ውስጥ ተቀመጥ፣ ጎንበስ ብለህ ጫማህን እሰር፣ ደረጃ ውጣ። ጃኬቱ ወደ አንድ ጎን ከተጎተተ፣ እጅህ በየደቂቃው ኪስህን ለማስተካከል ከሄደ፣ ላየህ ሰው ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ሁልጊዜ የሚነካካ ሽጉጥ አንድ ቀን መጥፎ ቦታ ይነካል።

የሱሪ የፊት ኪስ ሌላ ችግር አለው። ቆመህ ጥሩ ነው፣ ስትቀመጥ ግን ከዚያ ምንም ነገር ማውጣት አይቻልም። የባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ሦስት ሆነህ ተጨናንቀህ ሞክረው፣ ይገባሃል። ቀኑን ሙሉ መኪና ለሚነዳ ወይም ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው የጃኬት ኪስ ወይም ወገብ ይሻለዋል።

ምላጩና መቆለፊያው

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰድ። ኪስ ውስጥ የሚባርቅ ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚባርቀው ምላጩን ጣት ያልሆነ ነገር ስለነካው ነው። ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ የጃኬት ገመድ። እኛ አገር ደግሞ ሙስበሃ አለ፣ መቁጠሪያ አለ። ክሩ ምላጩ ላይ ተጠምዝዞ ሙስበሃውን ሳብ ስታደርግ የሚሆነውን አስበው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሽጉጥ ስታይ የምትጠይቀው ይህንን ነው፦ ሳላስበው ምላጩ ቢነካ ምን ያስቆመዋል? ቢወድቅስ?

ገበያ ላይ ስማቸውን ከምትሰማቸው ልጀምር።

ቶካሬቭ ለኪስ አይሆንም። ጥይቱ 7.62 በ25 ነው (የአረሩ ስፋትና የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር)፣ ጉልበት አለው፣ ቀጭንም ነው። ግን ርዝመቱ ከ19 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ባዶውን 850 ግራም ገደማ ነው። ዋናው ጉዳይ ደግሞ በመጀመሪያው አሠራሩ ለብቻው የተሠራ መቆለፊያ የለውም። ያለው መዶሻውን (ከኋላ ሆኖ ጥይቱን የሚያስመታውን ብረት) በግማሽ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጥይት ጎርሶ መዶሻው ወርዶ ከተቀመጠና መሬት ላይ ከወደቀ ሊባርቅ ይችላል። በኋላ የተሠሩ አንዳንዶቹ መቆለፊያ ተጨምሮላቸዋል፣ ቢሆንም ለኪስ አልመክርም።

ማካሮቭ የተሻለ ነው። ሶቪየት ኅብረት ይህንን ሽጉጥ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን አሠራሩ ቀላል፣ ለጽዳትም የማያስቸግር ነው። መቆለፊያው በግራ በኩል ከኋላ፣ ሲያቀባብሉ ወደ ኋላ በሚሳበው ላይኛው ብረት ላይ አለ። ወደ ላይ ስትገፋው ይቆለፋል፣ መዶሻው ተነስቶ ከነበረም አብሮ በደህና ይወርዳል። ወደ ታች ስትመልሰው ቀይ ነጥብ ይታይሃል፤ ቀይ ካየህ ሊተኩስ ዝግጁ ነው። ይህንን በጨለማም በአውራ ጣትህ እስክታውቀው ልመድ። ምክንያቱም ቫልተር ፒፒኬን የመሰሉ ሌሎች ሽጉጦች ተቃራኒ ናቸው፤ እነሱ ወደ ታች ሲወርድ ነው የሚቆለፉት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይር ሰው ቆልፌዋለሁ ብሎ ክፍቱን ይዞ ሊዞር ይችላል።

የማካሮቭ ሌላው ጥሩ ነገር የመጀመሪያው የምላጭ አሳሳብ ረጅምና ከባድ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ይህንን እንደ ጉድለት ያየዋል። ለኪስ ሽጉጥ ግን ከባድ ምላጭ ወዳጅ ነው።

የጣሊያን አሮጌ ቤሬታዎችም አሉ። የ1934ቱ ሞዴል ትንሽ ነው፣ ሰባት ጥይት ይይዛል፣ ለእጅም ይመቻል። ግን መቆለፊያው የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው። ዕድሜውም ትንሽ አይደለም። ሞላው ደክሞ፣ መንጠቆው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ታሪክ ይቀመጥ፣ ኪስ ውስጥ አይዙር።

አዲሶቹ ለኪስ ተብለው የተሠሩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ግዛቶች ሰው ሽጉጥ ልብስ ሥር ይዞ መሄድ ስለሚፈቀድለት ኩባንያዎቹ ለዚያ ገበያ ይሠራሉ። ሩገር ኤልሲፒ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፣ ክብደቱ 270 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ግሎክ 43 በ2015፣ ሲግ ሳወር ፒ365 በ2018 መጡ። ቀላል ናቸው፣ ቀጭን ናቸው። ግሎኩ ግን በእጅ የሚገፋ መቆለፊያ የለውም። መከላከያው ምላጩ ራሱ ላይ ነው ያለው፣ ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ሳይኖርህ ኪስህ ውስጥ አትክተት።

ቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ እጅ ይመታል። ይህንን ሻጭ አይነግርህም። 270 ግራም የሆነው ትንሹ ሽጉጥ ከ730 ግራሙ ይልቅ በእጅህ ላይ ይዘላል፣ ማነጣጠሪያውም ትንሽ ስለሆነ በጥንቃቄ ካልተያዘ ይስታል። ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ይቀላል የሚባለው ወሬ ተገልብጦ የተነገረ ነው።

የጥይቱ ነገር

«ዘጠኝ ነው» ብሎ የሚሸጥልህን አትመን። ዘጠኝ ብዙ ነው። 9 በ19 አለ፣ የማካሮቩ 9 በ18 አለ፣ የፒፒኬና የቤሬታው 9 በ17 አለ። አይቀያየሩም። የማካሮቭ አረር ስፋቱ ራሱ ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል። የሽጉጡን አካል ላይ የተቀረጸውን አንብብ፣ የቀለሃውን ቂጥ አንብብ፣ ካልተስማሙ አታስገባ። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ያንን ጥይት በሕጋዊ መንገድ ማግኘት እንደምትችል አረጋግጥ። ጥይቱ የማይገኝለት አዲስ ሽጉጥ ዋጋው ብቻ ነው የሚታየው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ሽጉጥ ደግሞ ተቀይሮ የተሠራው ነው። ለድምፅ ብቻ የሚሆን፣ በባዶ ጥይት የሚጮህ ሽጉጥ አለ። አንዳንዱ ሰው አፈሙዙን ቦርቡሮ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ያደርገዋል። ሲታይ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ያማልላል። ብረቱ ግን ለእውነተኛ ጥይት ግፊት አልተሠራም፣ ብዙዎቹ ከለስላሳ የዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አካሉ ላይ ከ9 ሚሊ ሜትር ቀጥሎ ፒ.ኤ.ኬ. የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ካየህ ለድምፅ የተሠራ ነው ማለት ነው። አፈሙዙ ውስጥ የመቦርቦር ጭረት፣ ያልተስተካከለ ቀዳዳ፣ የተፋቀ የመለያ ቁጥር ካየህም እዚያው ተወው። ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ኦርጂናል ቢሆንም እንኳ አይነካም። ምን እንደተሠራበት አታውቅም።

እጅህ ላይ ስታየው

ሽጉጥ በእጅህ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሰጪው ወንድምህ ቢሆን፣ አሁን ባዶ አድርጎ ቢሰጥህም ራስህ እይ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ካርታውን፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበትን ሳጥን፣ አውጣ። ከዚያ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብና መጉረሻውን፣ ሊተኮስ የተዘጋጀው ጥይት የሚገባበትን ቦታ፣ እይ። ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳስስ። ካርታውን ሳታወጣ መጀመሪያ ብረቱን ከሳብክ የነበረው ጥይት ይወጣና ከካርታው ሌላ ይጎርሳል፤ ከዚያ ካርታውን አውጥተህ ባዶ ነው ትላለህ። ብዙ ቤት ያጠፋው ይሄ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጣትህም ከምላጭ ውጭ ይሁን።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ ያዘው። መዳፍህ ሙሉ በሙሉ አቀፈው? ትንሽ ሽጉጥ ላይ ሁለት ጣት ብቻ ሊያርፍ ይችላል፣ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለች። ሊለመድ ይችላል፣ ግን እወቀው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ መካከል ያለው ሥጋ ከላይኛው ብረት ጋር ተጠግቶ ከሆነ ሲተኮስ ሊቆርጥህ ይችላል። ፒፒኬ በዚህ ይታወቃል፣ በተለይ እጁ ወፍራም የሆነ ሰው ይጠንቀቅ።

ላይኛውን ብረት ደጋግመህ ሳብ። ፒፒኬና ማካሮቭ አፈሙዛቸው የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ሞላቸው ጠንካራ ነው። ጣቱ የሚያመው ሽማግሌ፣ እጇ ቀጭን የሆነ እህት ሊከብዳቸው ይችላል። የሚገዛው ሰው ራሱ መሳብ አለበት፤ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ መርጦ አይሆንም። መቆለፊያው ደንደን ብሎ ቦታው ይገባል ወይስ ይንሸራተታል? ቆልፈህ ምላጩን ሞክረው፣ መዶሻው መንቀሳቀስ የለበትም። ካርታው ቦታው ሲገባ ጠቅ ይላል? በጠባብ ኪስ የካርታ መልቀቂያው ተጭኖ ካርታው ሊወልቅ ይችላል፣ የማካሮቭ ከታች በኩል ስላለ ለዚህ አይሰጋም። ቀለሙ፣ ጌጡ፣ የእንጨት እጀታው፣ እነዚህ ጊዜ አይወስዱ።

መጨረሻ ላይ የፈቃዱ ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ፊደል በፊደል አንድ መሆናቸውን አመሳክር።

ማህደርና ኪስ

ኪስ ውስጥ ሽጉጥ ብቻ ይኑር። ቁልፍ የለም፣ ሳንቲም የለም፣ ሙስበሃ የለም፣ ጫት የለም። ይሄ አማራጭ የለውም። ሽጉጡም ራቁቱን አይግባ። ምላጩን የሚሸፍን፣ ጠንከር ያለ፣ ሽጉጡ ሲወጣ ኪስ ውስጥ የሚቀር ማህደር ያስፈልገዋል። ለስላሳ ጨርቅ ከሆነ ተጣጥፎ ምላጩ ውስጥ ይገባል። ቆዳ ሰፊ ጋ አሠርተህም ይሆናል፣ ግን ቆዳው ምላጩ ጋ ወፍራምና ደረቅ ይሁን፣ ሲላላ ይቀየር።

ጥይት ጎርሶ አትያዘው። አውቃለሁ፣ አሜሪካ ያሉ አሠልጣኞች አጉርሰህ ያዝ ይላሉ። እነሱ ለዓመታት ሠልጥነው፣ ለዚያ በተሠራ ማህደር ነው የሚይዙት። እኛ ጋ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። ካርታው ጥይት ይኑረው፣ መጉረሻው ባዶ ይሁን። ለማቀባበል የሚፈጀው ጊዜ በስህተት ከሚባርቅ ጥይት ይሻላል።

የጅማ እርጥበት

ጅማ ላይ ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም። በልግም ይዘንባል፣ በጋም ላይ ደመናው ይመጣል። ኪስ ውስጥ ደግሞ ላብ አለ። ካልጸዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ታያለህ፤ መጀመሪያ ማነጣጠሪያው ሥር፣ ከዚያ የመቆለፊያው ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ እጀታው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን መስመር። ጣትህን አሳርፈህበት ሸካራ ከሆነ ጀምሯል ማለት ነው።

ዝናብ ከመታው ያኑ ዕለት ማታ አጽዳው። በሳምንት አንዴ ደግሞ ዝናብ ባይመታውም። ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ ፍታው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ቀጭን ዘይት ቀባና ትርፉን አድርቅ። ለመሣሪያ የተሠራ ዘይት ካጣህ የስፌት ማሽን ዘይት ይሠራል። የምግብ ዘይት አትቀባ፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። ብዙ ዘይትም አትቀባ፣ የኪስ ብናኝ ይሰበስባል። ቡና መቀሸሪያ አካባቢ የምትውል ከሆነ የገለፈቱ ብናኝ የትም ይገባል፣ ካርታውንም አራግፍ። ማታ ከቆዳ ማህደሩ አውጥተህ አስቀምጠው፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ቤትና ሰው መካከል

ፍራሽ ሥር አይቀመጥም። ትራስ ሥር አይቀመጥም። ቁም ሳጥን ላይ ልጅ አይደርስበትም የሚባለው ውሸት ነው፣ ልጅ በርጩማ አምጥቶ ይወጣል። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ግዛ፣ ከግድግዳ ጋር በቡሎን አሳስረው፣ ጥይቱን ለብቻው ቆልፍ። የሳጥኑ ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። ለሳጥን የሚሆን ካልተረፈህ ሽጉጡ ይቆይ።

በርጫ ላይ ይዘህ አትሂድ። ሰው ጃኬቱን አውልቆ ይሰቅላል፣ ይንጠራራል፣ ጨዋታው ይሞቃል። ጃኬትህ የማን እጅ እንደሚገባ አታውቅም። መጠጥ ባለበትም እንደዚሁ። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ወደ ላይ የሄደ ጥይት የሆነ ሰው ጣራ ላይ ይወርዳል።

ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ቀን ሽጉጡ ቤት ይዋል። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ እዚያ ደርሰህ የት ላስቀምጠው ማለት ሌላ ጣጣ ነው። ባጃጅ ውስጥ ወይም የመኪና ኪስ ውስጥ ትቶ መግባት ለሌባ መስጠት ነው።

ለመለማመድ የተፈቀደ የተኩስ ቦታ ፖሊስን ጠይቅ። ጫካ ወጥቶ መሞከር ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ከዛፉ ጀርባ ማን እንዳለ አታይም። ቤት ውስጥ ግን በባዶ ሽጉጥ፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎ፣ ከኪስ ቀስ ብሎ ማውጣትን ልመድ። ጣት ከምላጭ ውጭ፣ ቀጥ ብሎ ብረቱ ላይ።

መንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ኬላ ላይ ካስቆሙህ፣ እጅህን ወደ ኪስህ አትስደድ። ሁለቱም እጆችህ ይታዩ፣ መሪውን ያዝ ወይም ጉልበትህ ላይ አድርጋቸው። ቀድመህ በእርጋታ ተናገር፦ «ወንድሜ፣ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዣለሁ፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ፈቃዱ ደረት ኪሴ ውስጥ አለ፣ እንዴት ላድርግ?» ከዚያ ፖሊሱ ያለህን አድርግ። ፈቃዱ ከሽጉጡ በሌላ ኪስ መሆኑ ለዚህ ነው፤ ወረቀት ላውጣ ስትል እጅህ ሽጉጥ ወዳለበት እንዳይሄድ።